ማርቆስም አንድ ቀን ጥሎ ተመልሶ ነበር፦ ስለ መጽናት ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በወንጌላውያን ምእመናን መካከል ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ ያለ አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ነገሩ በእምነት እስከ መጨረሻ ስለ መጽናት ነው። የጻፉት ወንድም ለቤተ ክርስቲያን የሚቆረቆሩ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ትናንት ይዘምሩ የነበሩ፣ የጸሎት ቡድን ይመሩ የነበሩ ልጆች ዛሬ ከጉባኤ መጥፋታቸው አስጨንቋቸዋል፤ እኔንም ያስጨንቀኛል። ነገር ግን ጽሑፉን አንብባ «እንግዲያው እኔ ድሮውኑም የጌታ አልነበርኩም ማለት ነው?» ብላ ያለቀሰች እህት አጠገብ ተቀምጬ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። በመንገድ የቀዘቀዘ ሰው መጀመሪያውኑም አላመነም። ሰውን እስከ ዳር የሚያደርሰው ጌታን በተቀበለ ጊዜ በልቡ የነደደው እሳት ነው፤ በስደት ዘመን የነበሩት አባቶችና እናቶች በዚያ ጸንተዋል፣ የእኛ ትውልድ ግን እሱን አጥቷል። መጽናት በሰውና በእግዚአብሔር መካከል ያለ የግል ጉዳይ ስለሆነ፣ በስልኩ ስብከት የሚሰማና ለብቻው የሚጸልይ ሰው ጉባኤ ባይኖረውም አይጎዳም። ወድቆ የተመለሰ ሰው ይቅር ይባል፣ አገልግሎት ግን ዳግመኛ አይሰጠው። በመጨረሻም፣ አረጋውያኑ ሩጫቸውን ስለ ጨረሱ የቤተ ክርስቲያን ጉልበት ሁሉ በወጣቱ ላይ ይዋል።

የመጀመሪያውን ሐሳብ የተከሉት በ1ኛ ዮሐንስ 2፥19 ላይ ነው፦ «ከእኛ ዘንድ ወጡ፥ ዳሩ ግን ከእኛ ወገን አልነበሩም»። ዮሐንስ ይህን የሚናገረው ስለ ማን ነው? ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብለን ብናነብ ራሱ ይነግረናል። ኢየሱስ ክርስቶስ አይደለም ብለው ስለሚክዱ፣ ሌላውንም ሊያስቱ ስለ ተነሡ ሰዎች ነው። ባሏን ቀብራ ከዚያ ወዲህ መዝሙር ከአፏ አልወጣ ያላት ሴት በዚያ ምዕራፍ የለችም። ሥራውን አጥቶ፣ መባ ሳይዝ መምጣት አፍሮ ከጉባኤ የቀረው አባወራም የለም። ጸሎቱ ከጣሪያው አላልፍ ያለው ወጣትም የለም። ለአሳች አስተማሪ የተጻፈውን ቃል ለደከመ በግ ማንበብ ጭካኔ ነው። ጸሐፊው ጭካኔ አስበው እንዳልጻፉት አምናለሁ፤ የሚያቆስለው ግን ያው ነው።

ጌታ ራሱ ሊክደው ጥቂት ሰዓት የቀረውን ሰው ምን እንዳለው እናንብብ። «ስምዖን ስምዖን ሆይ፥ እነሆ፥ ሰይጣን እንደ ስንዴ ሊያበጥራችሁ ለመነ፤ እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ፤ አንተም በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና»። ጴጥሮስ ገና ሳይወድቅ ስለ መመለሱ ተነገረው፤ ገና ሳይመለስም የሚሠራው ሥራ ተሰጠው። የጴጥሮስ እምነት ያልጠፋው ጴጥሮስ ብርቱ ስለ ነበረ ሳይሆን ሌላ ስለ እርሱ ስለ ማለደ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሣል፦ ሰው በእምነቱ የሚጸናው ተይዞ ነው፤ እግዚአብሔርም ሰውን ብዙ ጊዜ የሚይዘው በሌላ ሰው እጅ ነው።

አንዴ የዳነ ሰው ሊጠፋ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር በአገራችን ጉባኤዎች አላለቀም፤ እኔም እዚህ ልቋጨው አልሞክርም። በጎቼን ከእጄ ማንም አይነጥቃቸውም የሚለውን ዮሐንስ 10ን ይዞ የሚቆም አለ፣ የካዱትን ለንስሐ እንደገና ማደስ አይቻልም የሚለውን ዕብራውያን 6ን ይዞ የሚቆምም አለ። ነገር ግን «አይጠፋም» የሚለውን ወገን በጥብቅ የደነገገው፣ በ1618 እና 1619 እ.ኤ.አ. በሆላንድ በዶርት ከተማ የተሰበሰበው ጉባኤ እንኳ፣ እውነተኛ አማኞች እንደ ዳዊትና እንደ ጴጥሮስ ክፉኛ ሊወድቁ፣ ለጊዜውም የጸጋው ስሜት ሊጠፋባቸው እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ጸሐፊው ከዚያም ጉባኤ ይልቅ ጠብቀዋል። ከውጭ የቆመ ሰው በሌላው ልብ ላይ «አላመነም» ብሎ የሚፈርምበት ሥልጣን ከሁለቱም ወገን አልተሰጠውም።

ወደ እሳቱ ልምጣ። ጽሑፉ ብዙ ልብ የነካው በዚህ በኩል ነውና ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ጸሐፊው በስደት ዘመን የጸኑትን ምስክር አድርገው ጠርተዋል። ጥሩ፤ ታሪካቸውን እንየው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን (ኤስ አይ ኤም) ሚሲዮናውያን ከወላይታ እንዲወጡ ሲገደዱ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ። በቋንቋቸው ያላቸው መጽሐፍ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ሌሎች ክፍሎች ብቻ ነበር። ዋንዳሮን የመሳሰሉ መሪዎች ታስረው ተገረፉ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተመለሱት ሚሲዮናውያን ያገኙት ምእመን ወደ 10,000 የሚጠጋ ነበር። ይህን ቁጥር በየስብከቱ እንሰማዋለን። እምብዛም የማይነገረው የስንቁ ነገር ነው። እስረኛ ከቤቱ በሚመጣለት ምግብ በሚኖርበት በዚያ ጊዜ፣ ምእመናኑ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ምግብ ያመላልሱ ነበር፤ ያመጡትም ተትረፍርፎ ያላመኑት እስረኞች ጭምር ይበሉ እንደ ነበር ተመዝግቧል። በእስር ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ልቡ ነደደ ወይም አልነደደ፣ በር ላይ እንጀራ ይዛ የቆመች እህት ነበረችው። የጸናው በእርስዋም ጭምር ነው።

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ታሰሩ፣ ከአራት ዓመት በላይ የታሰሩም ነበሩባቸው። በ1983 ዓ.ም. በይፋ ስትወጣ አባላቷ 34,000 ደርሰው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ኮንፈረንስ አልነበረም፤ የመዘምራን ጓድ በአደባባይ አልቆመም፤ ድምፅ ማጉያ አልነበረም። የነበረው ጥቂት ጥቂት ሰው ሆኖ በየቤቱ መሰብሰብ ነው፣ ያውም ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅን ዝቅ አድርጎ። እስኪ ይህን እናስብ፦ በእንደዚያ ያለ ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ከቀረ መቅረቱ ይታያል። ታሞ ይሆን? ተይዞ ይሆን? ልቡ ሸፍቶ ይሆን? ሄዶ ማየት ግድ ነው። ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ሰው በሚሞላ አዳራሽ ግን አንዲት እህት ስድስት ወር ቀርታ የት ገባች የሚላት ላይኖር ይችላል። ከዚያ ዘመን የጎደለን እሳቱ ነው ወይስ ይህ? እኔ ይህ ነው እላለሁ።

ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ጠቅሰዋል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ከአገር መውጫ መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በኡራኤል መካነ ኢየሱስ ቃለ እግዚአብሔር አካፍለው ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ያልሄዱበት ምክንያት ምን ነበር? መሪ ሆኜ በዚህ የመከራ ሰዓት መንጋውን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ የሚል ነበር። የልባቸውን ሙቀት አልጠቀሱም፤ የጠቀሱት ሰዎቹን ነው። መንጋው ይጸና ዘንድ እረኛው ቀረ፤ እረኛውንም ያጸናው መንጋው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ያለ ፍርድ ወደ አሥር ዓመት ያህል ታስረዋል። አሥር ዓመት በእስር የቆየን ጽናት «የመጀመሪያው እሳት» ብሎ መጥራት ያንን መከራ ማቅለል ይመስለኛል።

ስለ እሳት ካነሣን ሁላችንም የምናውቀውን ላንሣ። ክብሪት እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ እናቶቻችን ምድጃቸው ሲጠፋ ከጎረቤት እሳት ይጭሩ ነበር። ልትጭር የመጣችውን «ድሮውኑም ምድጃ አልነበረሽም» ያለች ጎረቤት አልነበረችም። ፍም ሰጥታ ትሸኛታለች፤ በሌላ ቀን እርስዋም ትሄዳለች።

ጸሐፊው «የቀደመውን ፍቅርህን ትተሃልና» የሚለውን የራእይ 2፥4 ቃልም አቅርበዋል። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ግን አላነበቡልንም፦ «እንግዲህ ከወዴት እንደ ወደቅህ አስብ ንስሐም ግባ የቀደመውንም ሥራህን አድርግ» ይላል። የቀደመውን ስሜትህን ፈልግ አላለም። ሥራውን አድርግ ነው ያለው፤ የተላከውም ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን፣ ለማኅበሩ ነው።

ሦስተኛው፣ መጽናት የግል ጉዳይ ነው የሚለው፣ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ነው። ምክንያቱም ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት «መልካሙን ገድል ተጋድዬአለሁ፥ ሩጫውን ጨርሼአለሁ፥ ሃይማኖትን ጠብቄአለሁ» የሚለውን የጳውሎስ ቃል ነው። እውነት ነው፣ ብቻውን ሮጦ ብቻውን የገባ ሯጭ ይመስላል። ግን ጳውሎስ ይህን ከተናገረ በኋላ ብዕሩን አላስቀመጠም። ወዲያው «በቶሎ ወደ እኔ እንድትመጣ ትጋ» ይላል ለጢሞቴዎስ። ዴማስ እንደ ተወው፣ ከእርሱ ጋር የቀረው ሉቃስ ብቻ እንደ ሆነ ይነግረዋል። በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ይለምነዋል። ደግሞ ሳይጠግብ «ከክረምት በፊት እንድትመጣ ትጋ» ይላል። ያው ደብዳቤ ሲጀምር የጢሞቴዎስን አያትና እናት፣ ሎይድንና ኤውንቄን በስም ያነሣል፤ በሰንሰለቱ ሳያፍርበት ፈልጎ ያገኘውን ሄኔሲፎሩን ይመርቃል። ሃይማኖቱን የጠበቀው ሐዋርያ የሚበርደው፣ ሰው የሚናፍቀው፣ ወዳጅ ሲለየው የሚያዝን ሰው ነበር። በመጀመሪያው ክርክሩ ማንም አብሮት እንዳልቆመ፣ ጌታ ግን በአጠገቡ ቆሞ እንዳበረታው ይናገራል፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ሰው በሌለበትም መያዝ ይችላል። ጳውሎስ ግን ያንን ብቸኝነት መመሪያ አላደረገውም። ሰው ላኩልኝ ነው ያለው።

የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊም «በእያንዳንዱ ቀን እርስ በርሳችሁ ተመካከሩ» ሲል ምክንያቱን አብሮ ሰጥቷል፦ ከእናንተ ማንም በኃጢአት መታለል እልከኛ እንዳይሆን። የመታለል ክፋቱ የተታለለው ሰው ራሱ አለማወቁ ነው። ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል። በስልክ የምንሰማው ሰባኪ፣ ምንም ያህል የተባረከ ቢሆን፣ ስማችንን አያውቅም፤ ብንቀር አያጣንም፤ ብንታመም አጥሚት ይዞ አይመጣም፤ ከትዳር ጓደኛችን ጋር ስንጣላ ፊታችን ላይ አያነብብም።

በሪያድ ወይም በሌላ የዐረብ ከተማ በሰው ቤት ተዘግቶባት የምትሠራ እህት ከስልክ ሌላ ምንም የላትም፤ ጌታ በዚያች ስልክም እንደሚይዛት አምናለሁ። በአሜሪካ እሑድን ጨምሮ ሁለት ሥራ የሚሠራ ወንድም ደግሞ ጉባኤ መድረስ ያልቻለበትን ምክንያት እኔ አልወቅስም። ግን እነዚህን ሰዎች ጠይቋቸው። ብቻዬን መሆኔ ምንም አላጎደለብኝም የሚል አላገኘሁም። እረፍት የሚፈቀድላቸው እህቶች በሳምንት አንዲት ቀን ሲያገኙ፣ ስድስት ቀን ሙሉ እግራቸው ያበጠ ሴቶች ያቺን ቀን ከእንቅልፋቸው ቀንሰው ለኅብረት የሚያውሏት ለምን ይመስልዎታል? ጸሐፊው በችግር ምክንያት የተለያዩትን ማጽናናት ሲገባ፣ ችግሩን ትምህርት አድርገውታል። በሰፊ ከተማ፣ አምስት ጉባኤ በእግር መንገድ ርቀት ላይ እያለው የተወ ሰው ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብቦ እፎይ ይላል። እፎይ ሊል አይገባውም ነበር።

አራተኛው ስለ ወድቀው የተመለሱ ነው። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ250 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥት ዴክዮስ በግዛቱ ያለ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ፣ ስለ መሠዋቱም የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ብዙ ክርስቲያኖች ሠዉ፤ ሳይሠዉ ወረቀቱን በገንዘብ የገዙም ነበሩ። ስደቱ ጋብ ሲል እነዚህ ሰዎች እያለቀሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መጡ። የሮሙ ቄስ ኖቫትያን፣ ቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ ልትመልሳቸው አትችልም አለ፤ የካርቴጅ ጳጳስ ቆጵርያኖስና አብረውት የተሰበሰቡት ጳጳሳት ግን የንስሐ ጊዜ እየሰጡ የመመለሻውን መንገድ ከፈቱ። ቆጵርያኖስ ሳይሠዋ የሞተ ሰማዕት ነው፣ በ258 እ.ኤ.አ. አንገቱን ተቆርጧል፤ ስለዚህ የጸኑት ሁሉ በወደቁት ላይ ይጨክናሉ ማለት አይቻልም።

እውነቱን ለመናገር ቆጵርያኖስ የወደቁ ካህናትን ወደ ክህነታቸው አልመለሰም፤ ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱ ክርክራቸው ይበረታ ነበር። እኔም ጊዜና ጥንቃቄ ያስፈልጋል እላለሁ። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያጎደለን ሰው ገንዘብ ያዥ ማድረግ ፍቅር አይባልም። ሕፃን የበደለን ሰው ዳግመኛ ከልጆች ጋር ማቆም ደግሞ በፍጹም አይገባም። ጸሐፊው ግን የጻፉት ስለ እነዚህ ብቻ አይደለም፤ «ማንኛውም ወደ ኋላ ያለ» ብለዋል። እንዲህ ከሆነ ማርቆስን ምን እናድርገው?

ማርቆስ በጵንፍልያ ከጳውሎስና ከበርናባስ ተለይቶ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሶ ነበር። ጳውሎስ በሁለተኛው ጉዞ አልወስደውም አለ፤ በርናባስ እወስደዋለሁ አለ፤ በዚህ ተቆራርጠው ተለያዩ። ከዓመታት በኋላ ለፊልሞና የተላከችውን አጭር ደብዳቤ እንክፈት። ሰላምታ ከሚያቀርቡት ከጳውሎስ የሥራ ባልደረቦች መካከል ማርቆስና ዴማስ በአንድ ቁጥር ላይ ተጽፈዋል። ያን ቀን በቦታው ብንኖር ማንን እናምን ነበር? ዴማስ እስከዚያ ስሙ በክፉ አልተነሣም። ማርቆስ ግን አንዴ ጥሎ ሄዷል፤ በእርሱ የተነሣ ሁለት ታላላቅ አገልጋዮች ተጣልተዋል። በጽሑፉ መለኪያ ዴማስ ያገለግል፣ ማርቆስ ይቀመጥ በተባለ። መጨረሻቸውን ግን 2ኛ ጢሞቴዎስ ነግሮናል፦ «ዴማስ ይህን የአሁኑን ዓለም ወዶ ትቶኛልና»፣ ቀጥሎም «ማርቆስ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ይዘኸው ከአንተ ጋር አምጣው»። በርናባስ ያን ጊዜ እጁን ባይይዘው ኖሮ ማርቆስ የት ይደርስ እንደ ነበር እንጃ። የወላይታ 48 አማኞች በእጃቸው የቀረው ወንጌልም በዚሁ ሰው ስም የሚጠራው ነው፤ ከጉዞው ተመልሶ በነበረው ሰው።

አረጋውያኑ ሩጫቸውን ጨርሰዋል የሚለውን በአጭሩ ልመልስ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ይመልሰዋልና። ሰሎሞን ልቡ የዘነበለው በሸመገለ ጊዜ ነው። ንጉሥ አሳ ረጅም ዘመን በእግዚአብሔር ታምኖ ከኖረ በኋላ በሠላሳ ስድስተኛው ዓመቱ በሶርያ ንጉሥ ታመነ፤ የገሠጸውን ነቢይ በግዞት ቤት አኖረው፤ እግሩን በታመመ ጊዜም እግዚአብሔርን አልፈለገም። «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» ብሎ የጸለየው መዝሙረኛም ሩጫውን የጨረሰ አልመሰለውም።

የእርጅና ፈተና ጩኸት ስለሌለው አናየውም። ሃምሳ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ ያነበቡ ዓይኖች ይደክማሉ። ጆሮ ይከብድና ስብከቱ አይሰማም። አዲሶቹ መዝሙሮች አይታወቁም። ልጆች ውጭ አገር ናቸው፤ የዕድሜ እኩዮች አንድ በአንድ ያልፋሉ። ሽማግሌ ሆነው ጉባኤ ያስተዳደሩ አባት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው አዳራሽ መውጣት አቅቷቸው ቤት ይውላሉ፣ የጌታን እራት ከወሰዱ ዓመት ያልፋቸዋል። እምነታቸውን አልጣሉም። እኛ ነን የጣልናቸው። «የጸኑ አባቶች» እያልን በመድረክ ላይ የምንጠራቸው እነዚህኑ መሆኑ ልቤን ያደማዋል። ወጣቱን ከእነርሱ መለየትም ወጣቱን መጉዳት ነው፤ ጢሞቴዎስ እምነትን ያየው በአያቱ ዘንድ ነውና። አንድ ወጣት በሳምንት አንድ ቀን ወደ እነዚህ አባት ቤት ሄዶ ምዕራፍ ቢያነብላቸው፣ የሚጸናው ማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ጸሐፊውን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ጽሑፋቸው ገና እየተባዛ ነውና፣ ስለ ቀዘቀዙት «ድሮውኑም አላመኑም» የሚለው ክፍል ከሚቀጥለው ቅጂ ይውጣ። በዚያ ቦታ ምን እንደሚገባ እርሳቸው ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ የጠፉትን ልጆች በስም ያውቋቸዋልና። እኔም በበኩሌ በጉባኤያችን የአባላት መዝገብ ላይ ስማቸው ያለ፣ ፊታቸው ግን ካየነው የቆየ ሰዎችን ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ተከፋፍለን ቤት ለቤት መጠየቅ ጀምረናል። ያቺ ያለቀሰችው እህት ከሚጠይቁት አንዷ ናት።